ከአምሳ አርባ ስድስት

ጥር 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ወይ መርዶ ነው ወይ አሜሪካ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን አሜሪካ ነበር። ድሮ አስረኛ ክፍል ባዮሎጂ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዋሽንግተን አካባቢ ኡበር ይነዳል። ሲደውል መጀመሪያ ጤናዬን፣ ቀጥሎ ልጆቼን፣ ቀጥሎ የጤፍ ዋጋ ይጠይቃል። የዚያን ቀን ግን ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፦

«ቲቸር፣ ስቴሮይድ ማለት ምንድነው? ያኔ አስተምረውናል አይደል?»

ክው አልኩ። «ምን ነካህ? እንዲህ ያለ ነገር መውሰድ ጀመርክ እንዴ?»

ሳቀብኝ። ለካ ጉዳዩ የእሱ ሳይሆን የተሳፋሪው ነው። ማታ አንድ ሸምገል ያሉ ፈረንጅ ጭኖ ሲሄድ ባሪ ቦንድስ የሚባል የቤዝቦል ተጫዋች የዝና አዳራሽ ሳይገባ እንደቀረ በሬዲዮ ይነገራል። አስረኛና የመጨረሻ ዓመቱ ነበር። ሰውዬው መንገዱን ሙሉ «ደግ አደረጉ፣ አጭበርባሪ ነው» ሲሉ ይቆያሉ። ሊወርዱ ሲሉ ግን ድምፃቸው ይለወጥና፣ ልጃቸው ትንሽ እያለ ይህንኑ ሰውዬ ለማየት አብረው ስታዲየም ይሄዱ እንደነበር ነግረውት ዓይናቸውን እየጠረጉ ይወርዳሉ።

«ቲቸር፣ ግራ ገባኝ'ኮ። ሰውዬው ይጠሉታል ወይስ ይወዱታል?»

እሱን እኔም አላውቅም። ከቤዝቦል የማውቀው የከተማችን ወጣት ግማሹ የሚያደርገውን የኒውዮርክ ያንኪስ ኮፍያ ብቻ ነበር። ስቴሮይዱን ግን አውቀዋለሁና አስረዳሁት። ቴስቶስትሮን የወንድ ሆርሞን ነው፤ ሰውነታችን ከኮሌስትሮል ይሠራዋል፤ ጎረምሳ ድምፁ የሚጎረንነው፣ ጢም የሚያወጣው፣ ጡንቻው የሚጠነክረው በእሱ ነው። ያንን በላቦራቶሪ አስመስለው የሚሠሩት ነው አናቦሊክ ስቴሮይድ የሚባለው። ጡንቻ ፕሮቲን ቶሎ ቶሎ እንዲገነባ ያደርጋል፣ የደከመ ሰውነት ቶሎ እንዲያገግም ያደርጋል። ሌላ ሰው ሦስት ቀን ማረፍ ሲኖርበት ይሄኛው በነጋታው ብረት ያነሳል። ዋጋውም ያው ነው፤ ጉበት፣ ልብ፣ ጠባይ። ሰውነት «ከውጭ እየመጣልኝ ነው» ብሎ የራሱን ማምረት ስለሚያቆም የወንድ ዘር ፍሬ ይሟሽሻል። ዕድገቱን ያልጨረሰ ልጅ ከወሰደው ደግሞ አጥንቱ ያለጊዜው ማደግ ያቆማል። (ጂም ጀምራችሁ በኢንቦክስ የምትጠይቁኝ ልጆች ይቺን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አንብቧት።)

እሱ ስልኩን ዘግቶ ሊተኛ ሄደ። እኔ ግን እንቅልፌ ጠፋ። የዚያን ጠዋት የጀመርኩት ንባብ እነሆ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስንት የኢንተርኔት ፓኬጅ እንደበላ ባለቤቴ ታውቃለች።

ቤዝቦል ለማታውቁ ባጭሩ፦ አንዱ ኳስ በሙሉ ኃይሉ ይወረውራል፣ ሌላው ዱላ ይዞ ቆሞ ይጠብቃል። የእኛን የገና ጨዋታ ያስታውሳል፤ ልዩነቱ ጥንጓ መሬት ለመሬት ሳይሆን በአየር መምጣቷ ነው። የተመታችው ኳስ አጥሩን ተሻግራ ከተመልካቹ መሃል ከወደቀች ሆም ረን ይባላል። በአንድ የውድድር ዘመን ማን ስንት ሆም ረን መታ የሚለው ነገር ለአሜሪካኖች የኃይሌና የቀነኒሳ ሰዓት ለእኛ እንደሆነው ነው። በቃላቸው ይዘውታል። 61 ካላችኋቸው «ሮጀር ማሪስ፣ 1961» ይሏችኋል። (ከዚህ በኋላ የቤዝቦሉን ዓመተ ምሕረት በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ያ 61 ለ37 ዓመታት ማንም ሳይደርስበት ቆየ።

በ1994 ተጫዋቾቹና ባለቤቶቹ በገንዘብ ተጣልተው ተጫዋቾቹ ሥራ አቆሙ። የዓመቱ ዋንጫ ሳይቀር ተሰረዘ። ሕዝቡ ተናደደ፤ ሲመለሱም ብዙው ሰው ፊቱን አዞረባቸው። ከዚያ 1998 መጣ። ማርክ ማክጓየርና ሳሚ ሶሳ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ያንን 61 ለመስበር እሽቅድምድም ገቡ። አሜሪካ በሙሉ ሥራ ፈታ። አባት ልጁን ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰ ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጠዋል። ማክጓየር 70 መታ፣ ሶሳ 66። ለ37 ዓመት ያልተሰበረውን በአንድ ክረምት ሁለት ሰው ሰበረው። የተኮራረፈው ሕዝብ ከጨዋታው ጋር ታረቀ።

በዚያው ክረምት ነሐሴ ላይ አንድ የዜና ወኪል ጋዜጠኛ ማክጓየር ልብስ የሚያስቀምጥበት ሳጥን ላይ አንዲት ጠርሙስ አየ። አንድሮስቴንዲዮን ይላል ጽሑፉ። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ቴስቶስትሮን የሚለወጥ ነገር ነው። ያኔ በአሜሪካ በየሱቁ በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል፤ ኦሊምፒክ ግን ከልክሎታል፣ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግም ከልክሎታል፣ ቤዝቦል ግን አልከለከለውም። ጋዜጠኛው ያየውን ጻፈ። ማን ተወቀሰ መሰላችሁ? ጋዜጠኛው! የሰው ሳጥን ውስጥ ምን አስገባህ ተባለ።

እዚህች ጋ ትንሽ እንቆይ። ቤን ጆንሰንን የማያስታውስ የለም መቼም። ሴኡል፣ 1988። መቶ ሜትሩን ሮጦ ወርቅ ወሰደ፣ ሽንቱ ተመረመረ፣ ስታኖዞሎል ተገኘበት፣ ወርቁን በቀናት ውስጥ ተነጠቀ። እንግዲህ ቤን ጆንሰን ከተያዘ ከአስር ዓመት በኋላ ሀብታሙ የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋቾቹን ለስቴሮይድ አይመረምርም ነበር። በ1991 ኮሚሽነሩ «ስቴሮይድ ክልክል ነው» የሚል ደብዳቤ ለክለቦቹ በትነዋል፤ ደብዳቤ ብቻ። የሚመረምር የለም፣ የሚቀጣ የለም። የተጫዋቾች ማኅበሩ «የሰው ገመና ነው» እያለ ይከራከራል። ባለቤቶቹ ደግሞ ስታዲየሙ ሞልቶላቸዋል፣ ምን ቸገራቸው?

በ2001 ባሪ ቦንድስ መጣ። 73 ሆም ረን በአንድ የውድድር ዘመን፣ ያውም በ37 ዓመቱ። ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት፤ ወጣት እያለ ቀጠን ያለ፣ እንደ ሯጭ የተሠራ ልጅ ነው። በኋላ ደግሞ አንገቱና ትከሻው የት እንደሚለያዩ አይታወቅም። ቀጥሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባልኮ የሚባል ድርጅት ተፈተሸ። እዚያ ሽንት ውስጥ እንዳይገኝ ተብሎ የተቀመመ ስቴሮይድ ነበር። ምርመራው ሊደርስበት የቻለው አንድ የሩጫ አሠልጣኝ መድኃኒቱ ያለበትን ሲሪንጅ ለተቆጣጣሪዎች ስለላከ ነው። ቦንድስ ምን እንደሆነ እያወቅሁ አልወሰድኩም አለ። ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሰ፤ ፍርድን በማደናቀፍ ተፈረደበት፣ በ2015 ደግሞ ያ ፍርድ ተሻረ። በመሀል በ2007 የሀንክ አሮንን 755 አልፎ በ762 ጨረሰ። ያ ቁጥር ዛሬም የሁሉ አለቃ ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ቦንድስ በ1990፣ በ1992 እና በ1993 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የነበረ መሆኑ ነው። ያኔ ያ ቀጭኑ ልጅ ነው። ስቴሮይድ ክንድ ያወፍራል እንጂ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ማየትን አያስተምርም። እና ከ762ቱ ስንቱ የእሱ ነው? ስንቱስ የመድኃኒቱ? የቱም ላቦራቶሪ አይነግራችሁም።

ምርመራ የተጀመረው በ2003 ነው። እሱም ምን ዓይነት ምርመራ መሰላችሁ፤ ስም የማይነገርበት፣ ቅጣት የሌለበት፣ «ስንቶች እንደሚወስዱ እንወቅ» የሚል። ከ5 በመቶ በላይ ከተገኘ ነው እውነተኛው ቁጥጥር የሚጀመረው ተባለ። ተገኘ። ለመጀመሪያ ጥፋት ከጨዋታ መታገድ የመጣው ደግሞ በ2005 ነው፤ ለአስር ቀን። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የአሜሪካ ምክር ቤት ታዋቂዎቹን ጠርቶ ጠየቃቸው። ራፋኤል ፓልሜይሮ የተባለው ጣቱን ቀስሮ «ስቴሮይድ ወስጄ አላውቅም» አለ። ነሐሴ 1 ቀን ታገደ። የተገኘበት ምን ነበር? ስታኖዞሎል። የቤን ጆንሰን መድኃኒት፣ ከ17 ዓመት በኋላ። ማክጓየር ደግሞ ያን ዕለት ስላለፈው ልናገር አልመጣሁም እያለ ሸሸ፤ በ2010 ወስጄያለሁ ብሎ አመነ።

በ2007 መጨረሻ ላይ ሴናተር የነበሩት ጆርጅ ሚቸል ያጠኑት ሪፖርት ወጣ። ከ400 ገጽ በላይ ነው፣ ከ80 በላይ ተጫዋቾችን በስም ይጠራል። ሰው ሁሉ ስሞቹን ለመፈለግ ተሻማ። ሚቸል ግን ጥፋቱ የተጫዋቾቹ ብቻ እንዳልሆነ፣ ኮሚሽነሮቹም፣ ክለቦቹም፣ ማኅበሩም እንደሚጋሩት ጽፈዋል። ያንን ያነበበ ጥቂት ነው። እኔ ግን ያቺን ክፍል ደጋግሜ አነበብኳት። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ወደ ዝና አዳራሹ ልመለስ። መራጮቹ የስፖርት ጋዜጠኞች ናቸው፤ ለመግባት 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። ቦንድስ በዚያች በተደወለልኝ ሌሊት ያገኘው 66 በመቶ ነው። በዚያው ምሽት ዴቪድ ኦርቲዝ በመጀመሪያ ሙከራው ገባ። የኦርቲዝ ስም ስም አይነገርበትም ከተባለው የ2003 ዝርዝር ውስጥ እንዳለ በ2009 በጋዜጣ ወጥቶ ነበር፤ የሊጉ ኮሚሽነር ደግሞ በ2016 የዚያ ዝርዝር አንዳንድ ውጤቶች በሳይንስ አጠራጣሪ እንደነበሩ ተናገሩ። እንግዲህ ሰውዬው በምኑ ይሟገት? የሰጠው ናሙና ለምስጢር ነው የተባለው፤ ውጤቱን አላሳዩትም፤ ስሙ ግን ወጣ።

ሁለት ሰዎችን ልንገራችሁና ወደ ራሴ ልምጣ።

አንዱ ጄፍ ባግዌል ነው። በስቴሮይድ ምርመራ ተይዞ አያውቅም፣ በሚቸል ሪፖርትም ስሙ የለም። ክንዱ ግን ወፍራም ነው። በቃ። 449 ሆም ረን መትቶ ለአዳራሹ ሲቀርብ በመጀመሪያው ዓመት 41.7 በመቶ ሰጡት። ጋዜጠኞቹ ማስረጃ አላቸው? የላቸውም። «ዘመኑ ያ ዘመን ነው፣ ክንዱም ያ ክንድ ነው።» በሰባተኛው ዓመት፣ በ2017 አስገቡት። ንጹሕ ነበር ብዬ አልምልላችሁም። ግን ንጹሕ ቢሆንስ በምን ያረጋግጥ? ትክክለኛ ጊዜው ላይ ማንም «ና ሽንትህን ስጥ» አላለውማ።

ሁለተኛው ፍሬድ ማግሪፍ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። እሱን የጠረጠረው ሰው የለም። 493 ሆም ረን መታ። ከእሱ በፊት በነበረው ዘመን ቢሆን ኖሮ ያ ቁጥር በር ያስከፍት ነበር። ግን አጠገቡ 70 እና 73 በሚመቱበት ሰዓት የእሱ ሠላሳና ሠላሳ አምስት ምን ይመስላል? አስር ዓመት በጋዜጠኞቹ ፊት ቀረበ፣ 40 በመቶ እንኳን አልሞላም። በ2022 መጨረሻ ላይ ሌላ አነስተኛ ኮሚቴ በ16ቱም ድምፅ አስገባው። ጡረታ ከወጣ ከአስራ ስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ስለ ባግዌል ለዋሽንግተኑ ልጅ ስነግረው (እሱም በበኩሉ ሬዲዮውን መከታተል ጀምሮ ነበር) ከትከት ብሎ ሳቀና የአንድ ልጅ ስም ጠራ። አብሮት የተማረ ልጅ። «ባግዌል ማለት እሱ ነዋ ቲቸር! እርስዎ አይደሉ እንዴ ክንዱን አይተው የቀጡት?»

ቀልድ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም።

በ2004 ዓ.ም. ነው (ይሄ በእኛ)። ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬ ከተማሪዎቼ ብዙም ስለማይርቅ ኮስተር የምለው ለሁለት ሰው ነበር። የሁለተኛው ሴሚስተር ፋይናል ፈተና ከአምሳ ነው፣ ሁሉም ምርጫ። ክፍሉ ውስጥ 68 ተማሪ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ክርን ለክርን ተጣብቀዋል። ሀ እና ለ ተብሎ የተለየ ፈተና አላዘጋጀሁም፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ፈታኙ እኔው ነኝ። ደግሞ የሌላ ክፍል ማርክ ሊስት እንዳስረክብ ቀነ ገደብ ነበረብኝ፣ እናም በሩ ጋ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩና የሌላውን ክፍል ወረቀት ሳርም ሰዓቱ አለቀ። አንገቴን ቀና ያደረግኩት ምናልባት አራት ጊዜ ቢሆን ነው። ሹክሹክታ ሲበዛ ጠረጴዛውን መታ መታ አደርጋለሁ፤ ይኸው ነው ቁጥጥሬ።

ወረቀቱን ሳርም አንደኛ የወጣው ሁልጊዜም አንደኛ የሚወጣው ልጅ ነው፣ 47። አልገረመኝም። ሁለተኛው ግን 46። ስሙን ሳየው ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከኋላ የሚቀመጥ፣ እጁን አውጥቶ የማያውቅ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሃያ ምናምን ያመጣ ልጅ። ኮርጇል አልኩ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ስታፍ ጠራሁት። ማታ አምሽቼ ያወጣሁት ሌላ ፈተና ሰጠሁት፤ ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር። መምህራን ይገባሉ ይወጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ አንዱ «ምን አጠፋ ይሄ?» ይላል፣ እኔም «ሊቅ ሆኖብኝ ነው» እላለሁ፣ ይሳቃል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። እስክሪብቶው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። 31 አመጣ።

«አየህ?» አልኩት። ምንም አላለም። ሮስተሩ ላይ 31 ጻፍኩ።

ያኔ የተሰማኝ ኩራት ነበር። ኩረጃን የማይታገስ መምህር! ስታፍ ውስጥም ለሳምንት ተወራልኝ። 47 ላመጣው ልጅ ያንን ከባድ ፈተና ብሰጠው፣ ሻይ በሚጠጡ ሰዎች መሃል፣ ስንት ያመጣ ነበር ብዬ ራሴን የጠየቅሁት አስር ዓመት ቆይቼ የቤዝቦል ታሪክ ሳነብ ነው። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት አስራ አንደኛ ሲገባ ሶሻል መረጠ። ምክንያቱን አልጠየቅሁትም።

የጋዜጠኞቹ ነገር ያናደደኝ ለካ ለዚህ ነው። ሊጉ መፈተን በነበረበት ጊዜ አልፈተነም፤ በር ላይ ቁጭ ብሎ የገቢውን ወረቀት ሲያርም ነበር። በኋላ ሲያፍር ግን ዕዳው የተጫዋቾቹ ብቻ ሆነ፤ የወፈረ ሁሉ ተጠርጣሪ፣ የቀጠነ ሁሉ የተረሳ። የወሰዱት አጥፍተዋል፣ ማክጓየርም ፓልሜይሮም አጥፍተዋል፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ቁጥጥር ባልነበረበት ክፍል ውስጥ 46 ያመጣን ልጅ በምን መብቴ ነው ሌባ ያልኩት? ኮርጆ ከሆነ ያስኮረጅሁት እኔ ነኝ፤ ካልኮረጀ ደግሞ የሚያረጋግጥበትን ብቸኛ ዕድል ያጠፋሁበት እኔው ነኝ።

ይሄ ነገር የእኔ ክፍል ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃ ለመከላከል ተብሎ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንደተሰጠ ታስታውሳላችሁ። ውጤቱ ጥር 2015 ሲነገር ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። የዚያን ሰሞን በየካፌው የተባለውን ሰምታችኋል። «ታዲያ ድሮ ያለፉት ሁሉ በኩረጃ ነዋ!» አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ፣ በኩራዝ አጥንታ ያለፈች፣ ዛሬ ነርስ የሆነች፣ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ በቀልድ መልክ «አንቺ በየትኛው ዘመን ነው የተፈተንሽው?» እንደተባለች ነግራኝ አልቅሳለች። እሷ ማግሪፍም ነች ባግዌልም ነች። ክፍሉን ያልጠበቅነው ግን እኛ ነበርን፤ ፈታኝ ሆኜ ሌላ ትምህርት ቤት ተመድቤ አውቃለሁና ያየሁትን አውቃለሁ። ስለዚያ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፣ ድፍረቱን ካገኘሁ።

ልጁ አሁን እዚሁ ከተማችን ውስጥ ሞባይል ይጠግናል። ሱቁ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ከዚያ የስልክ ቀልድ በኋላ በዚያ በኩል ማለፍ አስጠላኝ፤ ማዶ ተሻግሬ ነው የምሄደው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ስልኬ ቻርጅ አልቀበል አለ። ሌላ ጠጋኝ አልጠፋም ነበር። ሄድኩ።

«ቲቸር! ይግቡ፣ ይግቡ» ብሎ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ስልኬን ፈታታው። እኔ ደግሞ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ጠፋብኝ። ዝም ብዬ «ያኔ በአስረኛ ክፍል ባዮሎጂ...» ስል እጁ ቆመ።

«ሠላሳ አንድ» አለ። ቀና ሳይል።

«አዎ። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ በቀጭኗ ካቻቪቴ የቻርጀሩን ቀዳዳ እየጠረገ «እውነቱን ልንገርዎት?» አለኝ። «አራቱን ኮርጄያለሁ። አርባ ሁለቱ ግን የኔ ነበር። አባቴ ያን ጊዜ ታሞ ሆስፒታል አስታምም ነበር፤ ሌላ የሚነበብ ስላልነበረኝ ደብተሩን ሦስት ጊዜ ጨረስኩት። ሁለተኛውን ፈተና ሲሰጡኝ ምንም አልታየኝም፣ የመምህራኑ ሳቅ ብቻ ነው የሚሰማኝ።»

ምን እላለሁ? «ለምን ያኔ አልነገርከኝም?» አልኩት፣ እንደ ሞኝ።

«አራቱን ኮርጄያለሁ ብል አርባ ሁለቱን ያምኑኝ ነበር?»

አላምነውም ነበር።

«አራቱን ከማን ነው?» ስለው ግን ፈገግ አለ። አሁንም ድረስ ጓደኛውን አሳልፎ መስጠት እንደከበደው ያስታውቃል። «ከፊቴ ከነበረው። ከዚያ አሜሪካ ከሄደው። እሱም'ኮ ከኔ ስድስት ወስዷል ቲቸር፣ ተለዋውጠን ነው። የሆርሞኑን ምዕራፍ ጭራሽ አላነበበውም ነበር።»

ስልኬ ተሠራ። ልከፍል ብል እምቢ አለኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ጥዬለት ወጣሁ። ይህንን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፣ ስሜን ግን እንዳይጠሩ ብሏል። አልጠራሁም። አባትዬውም ድነዋል፣ ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ሰላም ብያቸው ነው የሄድኩት።

አንተ ዋሽንግተን ያለኸው ደግሞ፣ 47 ያመጣኸው፣ ይህንን ስታነብ ደውልልኝ። ሌሊትም ቢሆን ችግር የለም። ስቴሮይድ ምንድነው ብዬ እኔ ነኝ የምጠይቅህ።